ወንዙን እኛ እንለካው

ከደቡብ ሱዳኗ ጁባ ወደብ ተነስቶ እስከ ሱዳኗ ኮስቲ በነጩ ናይል ላይ 1,436 ኪሎ ሜትር የወንዝ መንገድ አለ። አስፋልት አይፈልግም፣ ድልድይ አይጠይቅም፤ ውሃው ራሱ መንገድ ነው። ይህን መንገድ ዛሬ በትክክል የሚያውቀው ማን ነው ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ያንገበግበኛል። ባርጅ የሚነዱት ሬይሶች ያውቁታል። እነሱም የሚያውቁት በዓይናቸው፣ በትዝታቸውና ጥልቀቱን በረጅም ዘንግ እየወጉ ነው። አሸዋው ካለፈው ዝናብ ወዲህ ወዴት እንደተሸጋገረ፣ የትኛው መተላለፊያ እንደተደፈነና የትኛው እንደተከፈተ የሚያሳይ የዘንድሮ ካርታ በአንዳቸውም እጅ አላየሁም። ባርጁ አሸዋ ላይ ሲቀመጥ በላዩ ያሉት እናቶች፣ ፍየሎች፣ የማሽላ ጆንያዎችና የናፍጣ በርሜሎች አብረው ይቀመጣሉ። ቀን በቀን ላይ ይደረባል። ሕፃን ይታመማል፤ ሐኪም የለም፤ ግራና ቀኙ ደንገል ነው።

ይህ የሚሆነው የሰው ልጅ አንድም መርከበኛ ያልተሳፈረባት ጀልባ አንታርክቲካን አዙሮ ባመጣበት ዘመን ነው። በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሴይልድሮን የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በነፋስ የምትሄድ፣ መሣሪያዎቿን በፀሐይ የምታሠራ ጀልባ ከኒውዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ ለቀቀ። በ196 ቀን ያን በረዷማ አህጉር ዞራ ተመለሰች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላዋ እህቷ ሳም በተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ መሃል ገብታ፣ ማንም ካፒቴን የማይደፍረውን ማዕበል ከውስጡ ቀርፃ ላከች። በ2018 ቁመቷ ሁለት ሜትር የሆነ ሴይልቡይ የምትባል የኖርዌይ ጀልባ አትላንቲክን ብቻዋን ተሻገረች። ዌቭ ግላይደር የሚባለው ደግሞ ነፋስም አይጠብቅም፤ ከሥሩ በገመድ የተንጠለጠሉት ክንፎቹ የማዕበሉን መውጣትና መውረድ ወደ ፊት መግፊያ ያደርጉታል። በእነዚህ ጀልባዎች ውቅያኖስ ይለካል፤ ሙቀቱ፣ ጨዋማነቱ፣ የወለሉ ቅርጽ ሳይቀር።

የጁባ ወንዝ ማዕበል የለውም፤ በሸራ የሚያስኬድ ነፋስም የለም። ፀሐይ ግን ሞልቶ ተርፏል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን አምስት ዲግሪ እንኳ አትርቅም። ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ እስከ ጉደሌ ድረስ በየቆርቆሮው ላይ ሶላር ተሰቅሏል፤ ስልክ የሚሞላው፣ አምፖል የሚበራው በእሱ ነው። ደቡብ ሱዳን ድፍድፍ ነዳጇን በቧንቧ ወደ ፖርት ሱዳን ትልካለች፤ ያ ቧንቧ በየካቲት 2024 ተበላሽቶ የሀገሪቱ ጉሮሮ ሲታነቅ አይተናል። ባርጁ የሚያቃጥለው ናፍጣ ግን ከሞምባሳ ተነስቶ፣ በኒሙሌ በኩል፣ በከባድ መኪና ይመጣል። ፀሐዩን ለስልክ መሙያ ትቶ ወንዙን በተውሶ ናፍጣ መጠበቅ ምን የሚሉት ብልኃት ነው?

እኔ የምጠይቀው የአንታርክቲካዋን ጀልባ አይደለም። ጎን ለጎን የተጋጠሙ ሁለት ቀጫጭን ታንኳዎች፣ በላያቸው የሶላር ሰሌዳ፣ ባትሪ፣ ሣር እንዳይጠመጠምበት የተከለለ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ጂፒኤስ፣ ድምፅ ወደ ታች ልኮ ሲመለስ በሚወስደው ጊዜ ጥልቀቱን የሚለካ መሣሪያ፣ የውሃውን ፍጥነት ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ሌላ መሣሪያ፣ መረጃውን የሚልክ ሞደም። ይኸው ነው። ጀልባዋ ከዳር ዳር እየተመላለሰች የወንዙን ወለል ትስላለች፤ የወንዙ ወርድና ጥልቀት በፍጥነቱ ሲባዛ በየሰከንዱ ስንት ውሃ እንደሚያልፍ ይታወቃል። ይህ ምሥጢር አይደለም፤ የውሃ መሐንዲሶች በዓለም ዙሪያ በየወንዙ በትንንሽ ሰው አልባ ጀልባዎች የሚሠሩት የዕለት ሥራ ነው። በጁባ ጎዳናዎች በነጫጭ ላንድክሩዘሮች መሃል እየተሽሎከለክሁ ስሄድ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ የአንዷ አዲስ ላንድክሩዘር ዋጋ ከአንድ በላይ እንዲህ ያለ ጀልባ ያሠራል።

«ሳተላይት አለ» የሚሉኝ አሉ። አለ። በታኅሣሥ 2022 ስዎት የተባለው የውሃ ሳተላይት ወደ ጠፈር ወጥቷል፤ የውሃውን ገጽ ከፍታ ድንቅ አድርጎ ያነባል። የደፈረሰውን ውሃ ዘልቆ ወለሉን ግን አያይም። አሸዋውን የሚያገኘው ውሃው ላይ ያለ መሣሪያ ነው።

ቁጣዬ ከዚህም ይጠልቃል። ይህ ወንዝ ተለክቶ የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ድህነት ነው ብዬ እተወው ነበር። ከጁባ ወረድ ብላ ባለችው ሞንጋላ የወንዙ ፍሰት ከ1905 ጀምሮ ተመዝግቧል። ለብዙ አሥርት ዓመታት የግብፅ መስኖ መሥሪያ ቤት ሰዎች በጁባ፣ በሞንጋላና በማላካል ተቀምጠው ውሃውን ሲለኩ ኖረዋል። ከ1961 እስከ 1964 የቪክቶሪያ ሐይቅ ሞልቶ ወደዚህ የሚወርደው ውሃ እጥፍ ሊሆን እንደተቃረበ የምናውቀው በእነሱ መዝገብ ነው። ትጋታቸውን አከብራለሁ። የለኩት ግን ለራሳቸው ነው። በ1959 ካይሮና ካርቱም ተቀምጠው 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ከቆጠሩት ውሃ 55.5ቱን ለግብፅ፣ 18.5ቱን ለሱዳን ሲያካፍሉና ቀሪውን በትነት ይጠፋል ሲሉ፣ የዲንካውን፣ የኑዌሩን፣ የሽሉኩንና የባሪውን ሐሳብ የጠየቀ የለም። አዲስ አበባም አልተጠየቀችም። ቁጥሩ በእጃቸው ነበር፤ ቁጥሩ በእጁ የሌለው ደግሞ ተከራካሪ እንኳ መሆን አልቻለም።

የጆንግሌይ ቦይም የተወለደው ከዚያው መዝገብ ነው። ወደ ሱድ ረግረግ ከሚገባው ውሃ ግማሽ ያህሉ በትነት ስለሚቀር፣ ረግረጉን ዘሎ የሚሄድ 360 ኪሎ ሜትር ቦይ ቆፍረን ውሃውን ወደ ሰሜን እናድርስ ተባለ። በ1974 ወሬው ጁባ ሲደርስ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ደም ፈሰሰ። ቁፋሮው በ1978 ተጀመረ። በኋላ የደቡቡን ጦርነት የመራው ጆን ጋራንግ በ1981 በአሜሪካው የአይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን የጻፈው በዚሁ በጆንግሌይ አካባቢ ልማት ላይ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእሱ ተዋጊዎች ቁፋሮውን አስቆሙት። በ1984 ሥራው ሲቋረጥ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ነበር። ግዙፉ መቆፈሪያ ማሽን እስከ ዛሬ እዚያው ዝጎ ቆሟል። ከርከሮውና አጋዘኑ ወደ ቦዩ ገብተው መውጫ እያጡ ሞተዋል፤ ከብት አርቢው መሻገሪያ አጥቷል።

ያው ጦርነት የሞንጋላንም ምዝገባ አቋረጠው። ሰላም መጣ፤ በሐምሌ 2011 ነፃነት መጣ፤ በታኅሣሥ 2013 ደግሞ ሌላ ጦርነት መጣ። በ2022 የወንዝ መጥረጊያ ማሽኖች ከግብፅ ተጭነው ቤንቲዩ ሲደርሱ ጁባ እንደገና ታመሰች። ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ጥናት ይቅደም ብለው ጠረጋውን በሐምሌ አስቆሙ። እኔ በሰማኋቸው ክርክሮች አንዱ «ጎርፉ ይቀንሳል» ይላል፣ ሌላው «ሱድን ያደርቃሉ» ይላል። ሁለቱም ሀገሩን የሚወድ ሰው ነው። የወንዙ ወለል ዘንድሮ ምን እንደሚመስል፣ ቢጠረግ ውሃው ስንት እጅ እንደሚጨምር የሚያሳይ ወረቀት ግን ማንኛቸውም አልያዙም። ከሃምሳ ዓመት በፊት አደባባይ የወጣው ሕዝብ በሌላ ሰው ቁጥር ላይ ነበር የተቆጣው፤ የዛሬው ያለ ምንም ቁጥር ይቆጣል። ይህ እድገት ነው?

በዚህ መሃል ሰው ይሰምጣል። ከ2019 ጀምሮ ጎርፉ ዓመት አልዘለለም። በ2020 የቪክቶሪያ ሐይቅ የ1964ቱን ክብረ ወሰን ሰብሮ ሞላ፤ ያ ውሃ በኡጋንዳ ሐይቆች በኩል፣ በኒሙሌ አድርጎ፣ በጁባ በር ላይ አልፎ ወደ ቦርና ወደ ሱድ ወረደ። በአንድ ሌሊት የሚመጣ ደራሽ አይደለም፤ ሳምንታትና ወራት ይወስዳል። መምጣቱ የሚታወቅ ውሃ ነው። በ2021 ቤንቲዩ በውሃ ተከብባ፣ ተፈናቃዮቿ ከውሃው ወለል በታች፣ በአፈር ክትር ተጠልለው ሲኖሩ ዓለም በፎቶ አየ። በ2024 ብቻ በደቡብ ሱዳን ጎርፍ የደረሰበት ሕዝብ ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው።

ይህን አይተው የውጭዎቹ ምን አመጡ? የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከጀርመን የኅዋ ምርምር ማዕከል ጋር ሆኖ፣ ሼርፕ የሚባለውን በውሃም በየብስም የሚሄድ ባለ ትልልቅ ጎማ መኪና ያለ ሹፌር፣ ከሩቅ እየተነዳ እህል እንዲያደርስ የሚያደርግ ሥራ ጀመረ። በ2023 የሙከራው ቦታ ደቡብ ሱዳን ነው ተብሎ ተነገረ። አንድ መኪና ከአንድ እስከ ሁለት ቶን ይጭናል። ሹፌሮች በጥይት የሚሞቱበት ሀገር ስለሆነ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ነፍስ ያድናል። ነገር ግን ወገኖቼ፣ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ! ውሃው ቤቱን ከወሰደ በኋላ ለሚመጣው ሰው አልባ መኪና አእምሮም ገንዘብም ተገኘ፤ ውሃው ከመድረሱ በፊት «እየመጣ ነው፣ ከብታችሁን አሽሹ» ለምትለው ሰው አልባ ጀልባ አልተገኘም። የተራበ ሰው ፎቶ ለጋሽ ያመጣል። ቀድሞ ተነግሮት ከብቱን ወደ ደጋው ያሸሸ ሰው ፎቶ ማንም አያነሳውም። እውነቱ ይህ ነው፤ ማስተባበል የሚፈልግ ይምጣና ያስተባብል።

አሁን ወደ እኛ ወደ ሐበሾቹ ልምጣ። ጁባ ውስጥ በዚህ ወንዝ እንኖራለን። ከወንዙ ውሃ ቀድተው ለከተማዋ የሚያድሉትን ቦቴዎች ከሚያሽከረክሩት ብዙዎቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ የእንጀራው ቡሆ፣ የቡናው ጀበና ሁሉ የዚህ ወንዝ ነው። በሐምሌ 2024 የደቡብ ሱዳን ምክር ቤት የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን ሲያፀድቅ በየምግብ ቤታችን ደስታ ሆነ። ስድስተኛዋ ሀገር እሷ ስለሆነች ስምምነቱ ጥቅምት 13 ቀን 2024 ሥራ ላይ ዋለ። እኔም ደስ አለኝ። ግን ስምምነቱን ያነበበ ማን ነው? አንቀጽ ሰባቱ አባል ሀገሮች ስለ ውሃው መረጃ በየጊዜው እንዲለዋወጡ ያዛል። እንለዋወጥ ሲባል ምን ይዘን ልንቀርብ ነው? ያልለካነውን ወንዝ መረጃ ከየት አምጥተን? ለፊርማው እልል ብለን ለግዴታው ዝም ማለት ያሳፍራል።

ኢትዮጵያም ከዚህ ወቀሳ አታመልጥም። ባሮ ከደጋችን ወርዶ፣ ሶባት ተብሎ፣ ማላካል አጠገብ ነጩን ናይል ይቀላቀላል። በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲከፈት ፈቀዱ፤ ጋምቤላ ወደብ ሆነች። ወንዙ በሚሞላባቸው ወራት ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ ይመጣ ነበር፤ የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በእሱ ተጭኖ ይወርድ ነበር። ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ ያ ዘመን አበቃ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ማይክ የያዘ ሁሉ ስለ ቀይ ባሕር ይጮኻል። የባሕር በር ጥያቄ የሕዝብ ጥያቄ ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን በገዛ ምድራችን የሚፈሰውን፣ አያቶቻችን መርከብ ያስገቡበትን ወንዝ ወለሉን እንኳ የማናውቅ ሰዎች ስለ ባሕር ስንፎክር ማን በቁም ነገር ይወስደናል? ባሮ በየትኛው ወር፣ እስከ የት ድረስ፣ ስንት ቶን የሚጭን ጀልባ ያሳልፋል? ይህ በዲስኩር አይመለስም። አንዲት በፀሐይ የምትሄድ ጀልባ አንድ ክረምት ሙሉ ከጋምቤላ እስከ ኢታንግና ከዚያም ወዲያ ብትመላለስ ይመለሳል።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ከባዱ ክርክራቸው ፀጥታ ነው። ቀላል አድርጌ አላየውም። በመጋቢት 2025 በሶባት ዳር ባለችው ናስር የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ሰው የሞላበት የተባበሩት መንግሥታት ሄሊኮፕተር በተተኮሰበት ምድር ሰው የሌለባት ጀልባ ምን ትሆናለች? ደግሞም ሰው አልባ ጀልባ በአካባቢያችን ስሙ የመጣው በክፉ ነው። በነሐሴ ማብቂያና በመስከረም መግቢያ 2022 ኢራን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያሰማራቸውን ሴይልድሮኖች አንድ ጊዜ በባሕረ ሰላጤው፣ ሌላ ጊዜ በቀይ ባሕር ለመውሰድ ሞክራ ለቀቀች፤ ስለላ ነው አለች። በሰኔ 2024 ቱተር የተባለችው የጭነት መርከብ ቀይ ባሕር ላይ በሁቲዎች ፈንጂ የጫነ ጀልባ ተመትታ ሰጠመች። የማላካል ወታደር ወይም የሶባት ዳር ጎረምሳ ሰው የሌለባት ጀልባ ስትመጣ ቢጠራጠር አልፈርድበትም።

መልሴ ይኸው ነው። ጀልባዋን ከዓሣ አጥማጁ ደብቆ የሚለቅ ሰው ጥይቱን ራሱ ይጋብዛል። ከመጀመሪያው ቀን ባለቤቷ የወንዝ ዳር ሰው ይሁን፤ የባሪው፣ የሙንዳሪው፣ የቦር ዲንካው ወጣት ይሥራት፣ ይጠግናት፣ ቢጫ ቀለም ቀብቶ በቋንቋው ይጻፍባት። የሰው ፊት የሚቀርፅ ካሜራ አይኑርባት። የምትለካው በየቀኑ በወደቡ ላይ በሰሌዳ ይለጠፍ፤ በሬዲዮ ይነገር። ሬይሱም ወታደሩም ከብት ጠባቂውም እኩል ይስማው። የተደበቀ መረጃ ስለላ ይባላል፤ አደባባይ የተለጠፈውን ማንም ስለላ ሊለው አይችልም። ጦር ኃይል በእጁ ሊያስገባት ቢል ደግሞ ሥራው ያን ዕለት ይቁም።

«የሬይሶቹን እንጀራ ትነጥቃለች» የሚለውን ግን አልቀበልም። እህልና ሰው የሚያጓጉዘው ባርጅ ነጂውን እንደያዘ ይቀጥላል፤ የምትቀረው ዘንጓ ብቻ ናት። «እንቦጭ ያንቃታል» የሚለው እውነት አለው። ጣና ላይ ያየነው ያ አረም በነጩ ናይል ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ፤ የሱድ ተንሳፋፊ ደሴቶች ደግሞ መርከብ አስረው ይይዛሉ። ስለዚህ ሱድ ውስጥ አንጀምር። ከጁባ እስከ ቦር ያለው ክፍል ይብቃን። እሱን ሁለት የዝናብ ወቅት ለክተን እንይ።

ሥራውን ማን ይሥራ ለሚለው መልስ አለኝ፤ ሌላ ሰው አልጠብቅም። በ1977 በሯን የከፈተችው ጁባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሏት፣ ወንዙም ቅርቧ ነው። አርባ ምንጭ ከ1986 ጀምሮ የውሃ መሐንዲስ ስታወጣ ኖራለች። ባሕር ዳር ሐይቅም ወንዝም አላት። ጋምቤላ ባሮ በደጇ ያልፋል። እናንተ የእነዚህ ተቋማት መምህራን፣ አንድ ንድፍ በጋራ አውጡ፤ አንዷን ጀልባ ባሮ ላይ፣ አንዷን ጁባ ላይ ልቀቁ፤ መለኪያው አንድ ዓይነት ይሁን፣ መረጃውም ለሁለቱም ሕዝብ ክፍት ይሁን። የዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ ሆኖ መደርደሪያ ላይ አይቅር።

ጁባ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ባለ ሆቴሎች፣ ባለ ቦቴዎች፣ ነጋዴዎች፣ ለሠርግና ለለቅሶ ማኅበር ማቆም እናውቅበታለን። ለአንዲት ጀልባም ማቆም አያቅተንም። የሶላር ሰሌዳው ከገበያው ይገዛል፤ ብየዳውን የሚችሉ ጋራዦች አሉን፤ የሚጎድለው የመለኪያ መሣሪያውና የሚነዱት ወጣቶች ሥልጠና ነው። እኔ የበኩሌን ለማዋጣት ተዘጋጅቻለሁ። የሚመጣው ዝናብ ከመግባቱ በፊት እንሰብሰብ፤ የመጀመሪያው መለኪያ ከጁባ ድልድይ ሥር ይጀመር።